ጋራዡም ፋብሪካ ነው

የመኪና ኢንዱስትሪ ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ ድቅን የሚለው የዲትሮይት፣ የቶሪኖ ወይም የሼንዘን ረዥም አዳራሽ ነው። የብረት አካላት በሰልፍ ያልፋሉ፤ ሠራተኛው በየተራው ብሎኑን ያጠብቃል፤ በወዲያኛው በር አዲስ አውቶሞቢል እያብረቀረቀ ይወጣል። በዚህ ሚዛን ከተመዘነች ወለጋ የመኪና ኢንዱስትሪ የላትም። ከባኮ እስከ ጊምቢ፣ ከሻምቡ እስከ ደምቢ ዶሎ ብንዞር እንዲህ ያለ አዳራሽ አናገኝም።

እኛ ግን ሚዛኑ ራሱ የተንጋደደ ይመስለናል። አንዲት መኪና በጃፓን የምትሠራው አንድ ጊዜ ነው፤ በነቀምቴና በጉቴ ግን በየዓመቱ እንደገና ትሠራለች። በሌላ አገር አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለች ቪትዝ ወይም ኮሮላ እዚህ መጥታ ሁለተኛ ዕድሜዋን ትጀምር ነበር። «ኤንትሬ» እየተባለ የሚጠራው አሮጌው የፊያት ጭነት መኪና የወጣበት ፋብሪካ ከረሳው ከብዙ ዘመን በኋላ ተሳቢውን እየጎተተ ዳገት ሲወጣ የታየው በማን ብልኃት ነው? ሞተር በሚያወርደው መካኒክ፣ የተጨራመተ ላሜራ ቀጥቅጦ በሚያቃናው፣ የተሰበረ ባሌስትራ በሚለውጠው፣ ጎማ በሚለጥፈው ጎሚስታ፣ ሽቦ ለሽቦ በሚሄደው ኤሌክትሪሺያን፣ የሞተር ዘይት በሚቸረችረው ነጋዴና ሌሊቱን ከጭነቱ ጋር በሚያድረው ረዳት ነው። እነዚህን ሁሉ ደምረን ኢንዱስትሪ ካላልናቸው ለቃሉ ሌላ ምን ትርጉም ይቀረዋል?

ይህን የምንጽፈው ሦስት የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን። ስለ ሞተር እናውቃለን ብለን አልተነሣንም። ነገር ግን ከሦስታችን የአንዱን ደብተርና ጫማ የገዛው የአባቱ ጋራዥ ነው፤ ሁላችንም ከቤት ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ቤት የምንመላለሰው ጋራዥ ነፍስ በዘራባቸው መኪኖች ነው። ስለዚህ ነገሩ ይመለከተናል፤ እናንተንም ይመለከታችኋል።

ነገሩስ ምንድን ነው? በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ በሚሠሩ መኪኖች ላይ የነበረውን የኤክሳይዝ፣ የተጨማሪ እሴትና የሱር ታክስ አነሣ። ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ አስቀረ፤ አካሉ ተበትኖ መጥቶ እዚሁ ለሚገጣጠመው ግን ቀረጡን ጨርሶ ተወ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቁ። እንዲህ ያለውን ክልከላ በማውጣት ኢትዮጵያ ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀደመች። በጥቂት ጊዜ ውስጥም ከአንድ መቶ ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች እንደ ገቡ መንግሥት አስታውቋል።

የክልከላው ምክንያት ለማንም አይሰወርም። በአገራችን የሚቃጠለው ነዳጅ ጠብታው ሳይቀር ከውጭ በዶላር ይገዛል፤ ከጅቡቲም በቦቴ ተጭኖ በረሃ አቋርጦ ይመጣል። በየዓመቱ ለዚሁ የሚወጣው ገንዘብ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነው። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አልፏል። ከአዲስ አበባ በራቅን መጠን ደግሞ ማደያው ደረቅ የሚሆንበት ቀን ይበዛል፤ ቤንዚኑም በፕላስቲክ ጠርሙስ ሆኖ ከመንገድ ዳር በእጥፍ ዋጋ ብቅ ይላል። የባጃጅ ነጂው ግማሽ ቀን ተሰልፎ ግማሽ ቀን ይሠራል። ውሃችን ኤሌክትሪክ ሲሆን፣ መኪናችን በኤሌክትሪክ ይሂድ ማለት በጎ አሳብ ነው። በዚህ ላይ ጠብ የለንም።

ወለጋም በዚህ ረገድ ባለ ድርሻ እንጂ ተመልካች አይደለችም። የፊንጫ ግድብ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለአገሪቱ ኤሌክትሪክ ሲሰጥ ኖሯል። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ያወጣው ኤታኖል በ2001 ዓ.ም. ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ የአዲስ አበባን መኪና መንዳት ጀመረ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የሕዳሴ ግድብም ጎረቤታችን ነው። ከዚያ ተነሥቶ በዴዴሳ በኩል ወደ ሆለታ የሚዘረጋው የ500 ኪሎ ቮልት መሥመር የወለጋን ምድር አቋርጦ ያልፋል። ከግዙፎቹ የብረት ምሰሶዎች ሥር ግን ማታ ማታ ኩራዝ የሚለኮስባቸው ቤቶች አሉ። በአገራችን ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው ገና ኤሌክትሪክ አላገኘም። የአባይ ልጅ ውሃ ጠማው ያሉት አባቶቻችን ይህን መሥመር ሳያዩት ነው።

አሁን በ2017 ዓ.ም. ክረምት ጉቴ ላይ የሆነውን እንንገራችሁ። ጉቴ እንደምታውቋት ከነቀምቴ ወጣ እንዳሉ በአዲስ አበባው መንገድ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። አንድ እንግዳ ለለቅሶ ከአዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና መጣ። መድረሱንስ በሰላም ደረሰ፤ ከተቀመጠ በኋላ ልነሣ ቢል ግን መኪናዪቱ አልነሣም አለች። ትልቁ ባትሪዋ ከግማሽ በላይ ኃይል እንዳለው ባለቤቱ ማታ አይቷል። መሪዋ አጠገብ ባለው መስኮት ላይ ግን ቀይ ምልክትና የቻይና ጽሕፈት ብልጭ ይልና ይጠፋል።

እኛ «ጋሼ» የምንላቸው፣ በሙያው ሠላሳ ዓመት የቆዩ መካኒክ ተጠሩ። ኮፈኑን ከፈቱ፤ ብርቱካንማ ቀለም የተቀቡ ወፋፍራም ገመዶች አዩ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጥቂት ከቆሙ በኋላ ኮፈኑን መልሰው ዘጉ። «የማላውቀውን ኤሌክትሪክ አልነካም፤ ልጆች አሉኝ» አሉ። መኪናዪቱ በሦስተኛው ቀን በጭነት መኪና ላይ ተጭና ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። ከሳምንት በኋላ ባለቤቱ ስልክ ደወለ። ተበላሽቶ የተገኘው ትልቁ ባትሪ አልነበረም፤ ማናቸውም መኪና ያለው፣ መብራቱንና ኮምፒውተሩን የሚያነቃው ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ነበር። እርሱ ከደከመ የኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ባትሪዋ ሙሉ ቢሆን እንኳ አትነቃም። እንዲህ ያለውን ባትሪ ጋሼ በየቀኑ ቻርጅ ሲያደርጉ ይውላሉ፤ ያን ቀንም ሁለቱ ከጋራዡ መደርደሪያ ላይ ነበሩ።

ጋሼ ወሬውን ሲሰሙ በመጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው ዝም አሉ። ቆይተውም እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ እኔ መኪና ስትመጣ ገና ከአጥሩ ውጭ ድምፅዋን ሰምቼ በሽታዋን አውቃለሁ። ካንዴላ ይሁን፣ ኖዝል ይሁን፣ ፍሪሲዮን ይሁን ሳትቆም እነግራችኋለሁ። ይቺ ግን አትናገርም። የማትናገረውን በሽተኛ ምን ብዬ ልመርምራት?»

በዚህ ቃል ውስጥ የነገሩ ሁሉ ፍሬ አለ። የዛሬው የጋራዥ ዕውቀት በጆሮና በእጅ የሚኖር ዕውቀት ነው። ልጁ በመጀመሪያ ቁልፍ ያቀብላል፤ «አሥራ ሦስት ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ» ሲባል እየሮጠ ስማቸውን ያጠናል። ከዚያ ክፍሎቹን በቤንዚን ያጥባል፤ ከዚያ ይፈታል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ይገጥማል። መጽሐፍ አይገልጥም፤ መጽሐፉ ጌታው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ካንዴላ የላትም፣ ፍሪሲዮን የላትም፣ ማርሚታ የላትም፣ የሞተር ዘይትም አትጠይቅም። ጋራዡ እንጀራ የሚበላባቸው ክፍሎች በአንድ ጊዜ ጎደሉ ማለት ነው። የቀሩት ጎማ፣ ፍሬን፣ መሪ፣ ላሜራና መብራት ናቸው። አዲስ የመጣው ደግሞ የሚነበብ ነገር ነው፤ ሕመሟን በድምፅ አትናገርም፣ በመስኮቷ ላይ ትጽፋለች። በዚያም ላይ በብዙዎቹ ትልቅ ባትሪ ውስጥ ከ300 እስከ 400 ቮልት የሚደርስ ኃይል አለ። ቤንዚን የረሳን ሰው ልብሱን ያቆሽሸዋል፤ ይህን የረሳ ግን ሁለተኛ አይረሳም። ስለዚህ ማንበብ ያልቻለ ሥራውን ብቻ ሳይሆን ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል።

ስለ ቋንቋ እንማራለንና አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንወዳለን። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘንድ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ነድቶ አመጣው። ይሁንና የጋራዡ ቋንቋ እንግሊዝኛ አልሆነም። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ ሁሉም ጣልያንኛ ናቸው፤ የኤንትሬ «ትሬ» ሳይቀር የጣልያን ሦስት ናት። ቃላቱን ያመጣቸው መንገድ የቆፈረውና የጭነት መኪና ያበዛው ጠላት፣ ጠላትም ሲወጣ እዚህ ቀርቶ ጋራዥ የከፈተው ጣልያን ነው። የአባቶቻችን ልጆች ግን ቃሉን ከሙያው ጋር ነጥቀው የራሳቸው አደረጉት። ዛሬ በጉቴ አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገር ብላቴና ካቻቢቴ ሲል የሮማን ቋንቋ የሚናገር አይመስለውም። መኪናዋን ራሷን ደግሞ ኮንኮላታ ይላታል፤ የምትንከባለል ማለት ነው። አማርኛውም ተሽከርካሪ ይላል። ሁለቱም ስሞች የሚናገሩት ስለ መዞሯ እንጂ ስለምትጠጣው አይደለም፤ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም ብትሄድ ስሟ አይለወጥም። እንግዲህ ስሟ የኛ ከሆነ ዕውቀቷም የኛ እንዳይሆን የሚከለክል ነገር የለም። የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ በጆሮ የተደረገውን ዛሬ በፊደል መድገም ነው።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ይህ የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው፤ ወለጋ እስኪደርስ እናንተ ጡረታ ትወጣላችሁ» ይሉናል። ክርክራቸው ከፊል እውነት አለው። በዓለም ገበያ «ለቀምት» በሚል ስም የታወቀውን ቡናችንንና በቆሏችንን የሚያወርዱት ጭነት መኪኖች አብዛኞቹ ገና ናፍታ ይጠጣሉ፤ የገቡት የቤንዚን አውቶሞቢሎችም ነገ አይቃጠሉም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር ዋጋ ስለ ወደቀ፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ለገጠር ከተማ ሰው ይበልጥ ራቀ። ጋራዡም ገና ብዙ ዓመት ሥራ አለው።

ነገር ግን ሙያ የሚሞተው ሥራ ሲያልቅ ብቻ አይደለም፤ ተማሪ ሲያጣም ይሞታል። አዲስ መኪና ካልገባ አሮጌው እያረጀ ይሄዳል፤ መለዋወጫውም እየተወደደ ይሄዳል፤ ቁልፍ የሚያቀብለው ልጅም «ይህ ሙያ መጨረሻው ምንድን ነው?» ብሎ ወደ ሌላ ይሄዳል። በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ ባጃጅ በአገራችን ከተሞች መታየት ጀምሯል፤ የገጠር ከተማ ወደ አዲሱ ዘመን የሚገባው በሦስት ጎማ እንጂ በአራት ጎማ ላይሆን ይችላል። የጉቴው መኪናም ጡረታችንን አልጠበቀም።

ሌሎች ደግሞ ኖርዌይን ይጠቅሱልናል። እንደ እኛው ኤሌክትሪኳን ከውሃ የምታገኘው ኖርዌይ ለነዚህ መኪኖች ቀረጥ ማንሣት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ ከሚሸጡት አዲስ አውቶሞቢሎች ከአሥሩ ዘጠኝ የሚጠጉት ኤሌክትሪክ የሆኑት ደግሞ በ2024 ነው። ሠላሳ አራት ዓመት! በዚያ ዘመን ውስጥ አንድ ቁልፍ አቀባይ አድጎ፣ ተምሮ፣ ባለ ጋራዥ ሆኖ፣ ልጁን ያስተምራል። በኛ አገር ግን ከቀረጡ መነሣት እስከ ክልከላው ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ሕግ በአንድ ቀን ይወጣል፤ እጅ ግን በአንድ ቀን አይሠለጥንም። ፍጥነቱን አንነቅፍም፤ የምንለው የሮጠ ሰው ወንድሙን ኋላ ትቶ እንዳይሮጥ ነው።

ስለ መገጣጠሙም እንዲሁ ነው። ከ1962 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ አምቼ በአዲስ አበባ የጣልያን ጭነት መኪኖችን ሲገጣጥም ኖሯል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሞጆ ላይ ሆላንድ ካር አባይን በመሳሰሉ ወንዞች ስም የተጠሩ አውቶሞቢሎችን አወጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ተዘጋ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የሯጫችን የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኩባንያ ማራቶን ሞተር የሃዩንዳይን የኤሌክትሪክ መኪና ገጣጥሞ አሳየ። እነዚህ ሁሉ ሲወሱ በጋዜጣ ይጻፋል፣ በቴሌቪዥን ይታያል። ከፋብሪካው በር የወጣችውን መኪና ሃያ ዓመት የሚያኖራት ሰው ግን አይወሳም። ወንዛችን ስሙን ለመኪና ሊያውስ ይችላል፤ መኪና የምትኖረው ግን በስም አይደለም፣ በጠጋኟ ነው።

መንገዱንም እንመልከት። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ደኅና የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል አንድ ጊዜ ሞልቶ ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይባላል፤ ስለዚህ መምጣቱን ይመጣል። ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ ወደ ኋላ ኤሌክትሪክ እየሠራ ባትሪውን ጥቂት ይመልሳል፤ ከነቀምቴ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ የሚወርድ ሾፌር ፍሬን በረገጠ ቁጥር ኃይል ይሰበስባል፤ ወደ ጊምቢ ሲወጣም መልሶ ይከፍላል። ነገር ግን ነቀምቴ ደርሶ በተራ የቤት ሶኬት ቢሰካ፣ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዘውን ባትሪ ለመሙላት ሃያ ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል፤ ይህም መብራት ካልጠፋ ነው። መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ለናንተ መንገር አያሻንም፤ ለፈተና ስታጠኑ በሻማ ያደራችሁ ናችሁና።

ታዲያ ምን ይደረግ? የኛ አሳብ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ኃይል ሙሊያ ጣቢያ አዲስ አበባ ላይ ብቻ አይብዛ። አምቦ፣ ባኮ፣ ነቀምቴ፣ ጊምቢ አንድ አንድ ቢያገኙ መንገዱ መንገድ ይሆናል። መሥመሩ በራሳችን ላይ የሚያልፍ ከሆነ ጥቂት ይንጠብጠብልን ማለት ልመና አይደለም።

ሁለተኛ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በራቸውን ለወጣቱ ብቻ ሳይሆን በሥራ ላይ ላለውም መካኒክ ይክፈቱ። ሠላሳ ዓመት የሠራውን ሰው «የስንተኛ ክፍል ወረቀት አለህ?» ብሎ ከበር መመለስ አገር ያላትን ዕውቀት መጣል ነው። የሦስት ወር የቅዳሜና የእሑድ ትምህርት፣ ኃይል የማያሳልፍ ጓንትና መመርመሪያ መሣሪያ ቢሰጠው፣ ፍሬኑን፣ መሪውንና የ12 ቮልቱን ሽቦ እንደሆነ ቀድሞ ያውቀዋል።

ሦስተኛው የኛ የተማሪዎቹ ድርሻ ነው። አዲሱ ሙያ የማንበብ ሙያ ሆኗል ብለናል፤ ማንበብ ደግሞ ሥራችን ነው። መንግሥት ይህን አላደረገም፣ ያን አላደረገም እያሉ በካፌ መከራከር ቀላል ነው። የመኪና መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አፋን ኦሮሞና ወደ አማርኛ መመለስ ግን ማንም የማይከለክለን ሥራ ነው። ከተማረው ሰው ዕውቀት ለጋራዡ ልጅ የሚተርፍ ካልሆነ፣ በአባቱ ጋራዥ ገንዘብ መማሩ ምን ጠቀመ? ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

እኛ በአንድ ገጽ ጀምረናል። ወረቀቱ ብርቱካንማ ገመድ ለምን እንደማይነካ፣ የ12 ቮልቱ ባትሪ በየትኛው ቦታ እንደሚፈለግና እንዴት እንደሚመረመር፣ በመስኮቱ ላይ የሚታዩት ዋና ዋና የማስጠንቀቂያ ምልክቶችም ትርጉማቸው ምን እንደ ሆነ በሁለቱ ቋንቋዎች ይናገራል። የምሕንድስና ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ስሕተት እንዳይኖርበት አንድ በአንድ እንዲያርሙልን እንለምናለን፤ በሰው ሕይወት ላይ የሚጻፍ ነገር ነውና። ቻይንኛ የጀመራችሁም ካላችሁ እንፈልጋችኋለን። ሲታረም ከጉቴ ጀምረን እስከ ነቀምቴ በየጋራዡ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንገኛለን፤ እርሳስ ይዛችሁ ኑ።